ባርነትን የሚከለክል የኩባንያ መመሪያ በምን ይመዘናል?

አንድ የሞላሌ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ደንበኛው ወረቀት ደረሰው እንበል። ወረቀቱን ያዘጋጀው በውጭ አገር የሚገኝ ገዢ ኩባንያ ሲሆን፣ በውስጡ «የማቀርበው ዕቃ ከመነሻው እስከ መድረሻው በግዴታ ሥራም ሆነ በሕፃናት ጉልበት ያልተሠራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ ከግርጌውም የስምና የፊርማ ቦታ ተከፍቷል። ነጋዴው የሚልከው በመንዝ ደጋ የተሠራውን ባናና ዝተት ነው። መፈረሙ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የሚፈርመው ስለ ራሱ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ በጉን ስለሚጠብቀው ብላቴና፣ ጠጉሩን ስለምትፈትለው ሴት፣ ባናውን ስለሚሠራውም ሸማኔ ጭምር ነው። ቃሉ እውነት ሳይሆን ቢቀር ሐሰቱ የነጋዴው ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን የእነዚያ ነው።

እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ አገራችን ላኪዎች ጠረጴዛ መድረስ ከጀመረ ሰንብቷል። በቡና፣ በአበባና በልብስ ስፌት ንግድ የተሰማሩት ለምደውታል፤ በእጅ ሥራ ዕቃ የሚነግዱትም ወደ ውጭ ገበያ በቀረቡ ቁጥር መቀበላቸው አይቀርም። ስለዚህ ወረቀቱ ከየት እንደ መጣ፣ የላከው ኩባንያም በእውነት ቃሉን የሚጠብቅ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ባርነት መልኩን ስለ መለወጡ

በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላም በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በተነገረው ዐዋጅ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በዐሥራ ስምንተኛው አንቀጽ ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልግሎት እንዳይያዝ፣ በሰው መነገድም ክልክል እንዲሆን ደንግጓል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ግልጥ ከሆነ ዛሬ ስለ ባርነት የሚጠየቀው ለምንድን ነው ይባል ይሆናል። ምክንያቱ ባርነት ስሙን ትቶ መልኩን ስለ ለወጠ ነው። ዛሬ ሰውን የሚያስረው የብረት ሰንሰለት ሳይሆን ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ፣ አሠሪው ቆልፎ ያስቀመጠው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ «ዓመቱ ሲያልቅ ትቀበላለህ» እየተባለ የሚያዝ ደመወዝ፣ እንዲሁም ማስፈራራት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣውና ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. ባጸደቀችው ስምምነት የግዴታ ሥራ ማለት አንድ ሰው ቅጣት ይደርስብኛል ብሎ ሲፈራ፣ በገዛ ፈቃዱም ሳይሆን የሚሠራው ማናቸውም ሥራ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የፈቃድ መጥፋት፣ ሁለተኛው የቅጣት ፍርሃት ነው። ሁለቱ በአንድነት ከተገኙ ሥራው በእርሻም ይሁን በፋብሪካ፣ በሰው ቤትም ይሁን በሸማኔ ጉድጓድ የግዴታ ሥራ ይባላል።

ይኸው ድርጅት ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 በማናቸውም አንድ ቀን 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዴታ ሥራ ላይ ይገኙ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ 3.3 ሚሊዮን ያህሉ ሕፃናት ናቸው። ከሁሉ የሚበዙትም በመንግሥት ሳይሆን በግል አሠሪዎች እጅ የሚገኙ ናቸው። ይህም ማለት ነገሩ የፖሊስና የዳኛ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ስለ ገዢዎቹ አገሮች ሕግ

በውጭ አገር ያሉት ኩባንያዎች ወረቀቱን የሚልኩት ከደግነት ብቻ ተነሥተው አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ የዓመት ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያም በላይ የሆነ ኩባንያ ሁሉ በራሱ ሥራና በዕቃ አቅራቢዎቹ ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ያደረገውን ጥረት በየዓመቱ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አዝዟል። በዚያው ዓሥር ዓመት ውስጥ በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ሠራተኞች ማለቃቸው የአውሮጳን ገበያተኛ አስደነገጠ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017፣ አውስትራልያ በ2018 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ የጀርመንም ሕግ ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የአውሮጳ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በግዴታ ሥራ የተሠራ ዕቃ በገበያው እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ አጽድቋል፤ ይህም ከ2027 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ነው።

በእነዚህ ሕጎች መካከል ያለውን ልዩነት ነጋዴው ልብ ሊለው ይገባል። የእንግሊዙ ሕግ ኩባንያው የሠራውን እንዲናገር ያዝዛል እንጂ እንዲሠራ አያስገድድም፤ እንዲያውም ኩባንያው «በዚህ ዓመት ያደረግሁት ነገር የለም» ብሎ ቢጽፍ የሕጉን ትእዛዝ እንደ ፈጸመ ይቈጠርለታል። የፈረንሳይና የጀርመን ሕጎች ግን አደጋውን መርምሮ ማወቅንና ለመከላከል መሥራትን ግዴታ አድርገዋል። ስለዚህ ሁሉም ኩባንያ መመሪያ አለኝ ቢልም፣ አንዱ የሚናገረው ከልቡ፣ ሌላው ከአንገት በላይ ሊሆን ይችላል። መመዘን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

አንድ ባና የሚያልፍበት መንገድ

የዕቃ አቅርቦት ሰንሰለት የሚባለው ዕቃው ከጥሬነቱ ጀምሮ እስከ ገዢው እጅ የሚያልፍባቸው ሰዎች ተርታ ነው። ባናውን ለምሳሌ እንውሰድ። መጀመሪያ የበጉ ባለቤትና እረኛው አሉ። ጠጉሩ ከተሸለተ በኋላ ታጥቦና ተፍታቶ ወደ ፈታይዋ ይሄዳል፤ ድሩና ማጉ ከሸማኔው ይደርሳል። ከዚያም የሞላሌ ነጋዴ ይገዛዋል፤ በመዘዞና በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ ላኪው ተቀብሎ ወደ ባሕር ማዶ ይልከዋል። በውጭ አገር ያለው ኩባንያ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ላኪውን ብቻ ነው። ችግሩ ግን ሲኖር የሚገኘው ከላኪው ዘንድ ሳይሆን በተርታው መጀመሪያ፣ ማንም ደረሰኝ በማይጽፍበት ስፍራ ነው።

በደጋው አገር ልጅን ለከብትና ለበግ ጥበቃ በዓመት መቅጠር የቆየ ልማድ ነው። ልጅ ከትምህርት መልስ የአባቱን በጎች ቢያግድ ይህ የቤተ ሰብ ሥራና ሥነ ሥርዓት እንጂ ባርነት አይደለም። ነገር ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ከትምህርት ቤት ርቆ፣ ዋጋውን ሌላ ሰው እየተቀበለለት፣ ልሂድ ቢል «የዓመቱ እህል ይቀርብሃል» የሚባል ልጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲሁም ፈታይዋ ጠጉሩን በዱቤ ወስዳ ሥራዋ ዕዳዋን የማይከፍል፣ ወደ ሌላ ገዢም እንዳትሄድ የሚከለክላት ከሆነ፣ ቀብዱ ብድር መሆኑ ቀርቶ ማሰሪያ ሆኗል።

የሽመና ሙያም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ በሕፃናት ጉልበትም በግዴታ ሥራም ምክንያት ተጠቅሷል፤ የከብት እርባታም በሕፃናት ጉልበት ምክንያት ሰፍሯል። በሽመናው ዘንድ የታወቀው ችግር ልጆች ከደቡብ የጋሞ ደጋ «እናስተምራችኋለን፤ ሙያም ትለምዳላችሁ» ተብለው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ፣ በሽሮ ሜዳና በመሰለው ሰፈር ከጧት እስከ ማታ በሸማኔ ጉድጓድ እንዲውሉ መደረጋቸው ነው። ይህ ጥቂቶች የሚያደርጉት በደል የጋሞን ሸማኔዎች የተከበረ ሙያ የሚያጎድፍ አይደለም። የመንዝም ባና በዚያ ዝርዝር በስሙ አልተጠራም። ሆኖም የባሕር ማዶ ገዢ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና አንዱን ከሌላው ለይቶ አያውቅምና፣ ንጹሑ ሸማኔ ንጹሕነቱን በማስረጃ ካላሳየ ከሌላው ጋር አብሮ ይጠረጠራል።

የመመዘኛው ጥያቄዎች

የኩባንያዎችን መመሪያ መመዘንን ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶች አሉ። ከእነርሱም አንዱ፣ ስሙ «ሰንሰለቱን ዕወቅ» ተብሎ የሚተረጐመው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ታላላቅ የልብስና የጫማ ኩባንያዎችን መዝኖ በአማካይ ያገኙት ከመቶ 21 ብቻ መሆኑን አስታውቋል። በእነዚህ ኩባንያዎች ዘንድ መመሪያ የሌለው ጥቂት ነው፤ የጎደለው ተግባሩ ነው። እኛም ነጋዴው በራሱ ሊጠይቃቸው የሚችሉትን ሰባት ጥያቄዎች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ኃላፊው ማን ነው? መመሪያው በዲሬክተሮች ቦርድ የጸደቀና አንድ የታወቀ ሹም የሚጠየቅበት መሆን አለበት። ባለቤት የሌለው መመሪያ ባለቤት እንደሌለው በግ ነው፤ ማንም አይፈልገውም።

ሁለተኛ፤ ኩባንያው ሰንሰለቱን እስከ የት ያውቃል? የመጀመሪያውን አቅራቢ ብቻ ቈጥሮ የሚያቆም መመሪያ ፈታይዋንና እረኛውን አላያቸውም። ከመረመረ በኋላ «ምንም ችግር አላገኘሁም» የሚለውም ሊታመን የሚገባው በዝግታ ነው። በእውነት የፈለገ ሰው አንዳች ነገር ማግኘቱ አይቀርምና፣ ያገኘውን ጉድለት በግልጥ የሚጽፍ ኩባንያ ከማይጽፈው ይልቅ የታመነ ነው።

ሦስተኛ፤ ኩባንያው ሲገዛ ምን ይከፍላል፣ በስንትስ ጊዜ? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። በቃል ባርነትን የሚያወግዝ ገዢ ዋጋ አስቀንሶ፣ ጊዜ አሳጥሮ፣ ክፍያውንም አዘግይቶ ከሆነ፣ ያወገዘውን ነገር በገንዘቡ ይጋብዘዋል። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ መልካም መመሪያ ያላቸው የውጭ የልብስ ኩባንያዎች ወደዚያ ፊታቸውን አዙረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ግን በአገራችን የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ሆኖ፣ ካጠኗቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ሠራተኞቹም ኑሮው አልገፋ ሲላቸው እየለቀቁ፣ ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ቍጥር የሚያህል አዲስ ሰው እስከ መተካት ደርሰው ነበር። ይህን ባርነት ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ ለቅቆ መሄድ የሚችል ሰው ባሪያ አይደለምና። ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ የሚጨነቀው አሠሪ፣ ሠራተኛው ለቅቆ እንዳይሄድበት ደመወዝ ወደ መያዝና ዕዳ ወደ ማሸከም የሚያዘነብለው በእንዲህ ያለው ጊዜ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አራተኛ፤ ሠራተኛው የሚመለመለው እንዴት ነው? ለደላላ የከፈለ ሠራተኛ ሥራውን ሳይጀምር ባለ ዕዳ ሆኗል። ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሄዱት እኅቶቻችን ከደረሰባቸው መከራ ብዙው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛና የመጓጓዣ ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ያዘዘው ይህን ዕዳ ለማስቀረት ነው። ስለዚህ መልካም መመሪያ «የምልመላ ወጪ ከሠራተኛው አይወሰድም፤ ተወስዶ ከተገኘም ይመለስለታል፤ የመታወቂያ ወረቀቱም በእጁ ይቈያል» ብሎ በግልጥ ይናገራል።

አምስተኛ፤ ሠራተኛው አቤት የሚልበት መንገድ አለውን? በእንግሊዝኛ የተጻፈና በቢሮ ግድግዳ የተለጠፈ መመሪያ ለመንዝ ፈታይ ምንም አይነግራትም። የምታውቀው ቋንቋ፣ የምታምነው ሰው፣ አቤት በማለቷም ሥራዋን የማያሳጣት ሥርዓት ያስፈልጋታል።

ስድስተኛ፤ ቍጥጥሩ ምን ዓይነት ነው? በፓኪስታን በካራቺ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ፋብሪካው ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ሥራው ሁኔታ መልካምነት ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ቀን ቀጥሮና አስቀድሞ አስታውቆ የሚመጣ ተቈጣጣሪ የሚያየው የተጠረገውን ደጅ ነው። ሠራተኛውን ከአሠሪው ፊት አርቆ፣ በራሱ ቋንቋ የማያነጋግር ቍጥጥር ከወረቀት አያልፍም።

ሰባተኛ፤ በደል ሲገኝ ምን ይደረጋል? አንዳንድ ኩባንያ ነውሩ እንደ ተሰማ ውሉን አፍርሶ ይሸሻል። ይህ ለስሙ ይበጀው ይሆናል፤ ለተበደለው ልጅ ግን ያንኑ የዕለት እንጀራውን ማሳጣት ነው። መልካም መመሪያ የተያዘውን ደመወዝ ያስከፍላል፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ያስመልሳል፤ ለወላጆቹም በምትኩ የሚተዳደሩበትን መንገድ ያመቻቻል፤ አቅራቢው ለመታረም እምቢ ያለ እንደ ሆነ ብቻ ውሉን ያቋርጣል።

የሞላሌው ነጋዴ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ጀመርነው ወረቀት እንመለስ። ነጋዴው በሁለት ወገን ተይዟል። ሳይመረምር ቢፈርም ለማያውቀው ነገር ዋስ ይሆናል፤ ፈጽሞ እምቢ ቢል ገበያው ይዘጋበታል፤ ከእርሱም ጋር የፈታይዋና የሸማኔው ገበያ ይዘጋል። ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ ግን አለ። ይኸውም የሚያውቀውን ያህል መፈረም ነው። «ከሸማኔዎቼ ጋር ያለውን ሁኔታ አውቃለሁ፤ መዝገብም አለኝ፤ ፈታዮቹን በከፊል አውቃለሁ፤ ጠጉሩ ከየመንደሩ የሚሰበሰብ ስለሆነ ስለ እረኞቹ ገና አልመረመርሁም፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ግን እመረምራለሁ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። ይህን ቃል አይቶ የሚሸሽ ገዢ የሚፈልገው ፊርማ እንጂ እውነት አለመሆኑን በራሱ መሰከረ ማለት ነው።

መዝገቡም ከባድ አይደለም። አንድ ደብተር ይበቃል። በውስጡ የፈታይዋና የሸማኔው ስም፣ የሥራው ዓይነትና ብዛት፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ የተከፈለበት ቀን፣ ቀብድ ተሰጥቶ እንደ ሆነም መጠኑና የሚያልቅበት ጊዜ ይጻፋል። ክፍያው ለሠራተኛው በገዛ እጁ ይሰጣል፤ የጣት አሻራው ወይም ፊርማውም ይወሰዳል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ነገ ጥያቄ ሲመጣ የሚመልሰው ይህ ደብተር ነው።

በራሱ ስም ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ዐዋጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። በዕዳ ምክንያት ከሠራተኛው የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠውም ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም። ሰውን በዕዳና በማታለል ይዞ ማሠራት ደግሞ በሰው የመነገድ ወንጀልን በሚከለክለው በዐዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ እስራት ያስከትላል።

የመጨረሻው ምክራችን ወረቀቱ ሁለት ፊት እንዳለው እንዲታወቅ ነው። ገዢው አቅራቢውን እንደሚጠይቅ አቅራቢውም ገዢውን ሊጠይቅ መብት አለው። «ይህን ቃል እንድጠብቅ ትሻላችሁ፤ መልካም ነው፤ እናንተስ ለአንዱ ባና የምትከፍሉት ዋጋ ፈታይዋን ለማብላት፣ እረኛውንም ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ይበቃልን? ትእዛዛችሁን በስንት ቀን አስቀድማችሁ ታስታውቃላችሁ? ገንዘቡንስ መቼ ትከፍላላችሁ?» ብሎ መጻፍ ድፍረት አይደለም። አንድ ነጋዴ ብቻውን ይህን ቢጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ የሞላሌ፣ የመሐል ሜዳና የደብረ ብርሃን ነጋዴዎች በአንድ ቃል ቢጠይቁ ግን መልስ ማግኘታቸው አይቀርም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። ነጋዴዎች በማኅበርና በምክር ቤት የሚሰበሰቡበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መመሪያ በመልካም ወረቀት መታተሙ መልካም ነው። ዋጋው የሚታወቀው ግን ከሞላሌ በላይ ባለው ተረተር፣ በቍር በበጎች ኋላ በቆመው ብላቴና ኑሮ ላይ አንዳች ለውጥ ሲያመጣ ነው። ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ያን ልጅ እናስበው፤ ስሙንና ዕድሜውንም እንጠይቅ።